ጣቢያ የተመዘገበ አቤቱታ ፓስፖርት ያስከለክላል? የአንድ ክር ውሎ

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ ባለ የውይይት መድረክ የለጠፈችው አዲስ አበባ የምትኖር ሴት ናት። ከአንድ ሰው ጋር በሽርክና የልብስ ንግድ ጀምራ ነበር። ሥራው አልሰመረም፤ ተጣሉና ተለያዩ። ሰውየው ያዋጣሁትን ገንዘብ በልታለች ብሎ ፖሊስ ጣቢያ አመለከተባት። ተጠርታ ሄደች፣ ቃሏን ሰጠች፣ ወደ ቤቷ ተመለሰች። አልታሰረችም፤ ዋስ አምጪም አልተባለችም። ከዚያ ወዲህ የጠራት የለም። አሁን ውጭ አገር ሥልጠና አግኝታለች፤ ፓስፖርት ግን አውጥታ አታውቅም። ጥያቄዋ ጣቢያ ያለው አቤቱታ ፓስፖርት ያስከለክላት እንደሆነ ነው። ከሥር አንዲት መስመር ጨምራለች፤ ሰውየው ኢሚግሬሽን ውስጥ ዘመድ እንዳለውና ከአገር እንደማያስወጣት ዝቶባታል።

ይህቺ የመጨረሻዋ መስመር ባትኖር ክሩ፣ ማለትም ጥያቄውና ከሥሩ የተደረደረው መልስ፣ በአምስት መልስ ያልቅ ነበር። ስላለች ሠላሳ አለፈ። እኔ ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ። የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው እየለየሁ ላወራችሁ። ጭቅጭቁንም አልተውኩትም፤ አንዳንዴ ቁም ነገር የሚገኘው ከጭቅጭቅ ነው።

መልስ 1 ከሰላምታ አይዘልም። እንደማይከለክላትና እንዳትጨነቅ ነግሯት ያልፋል። ለምን እንደማይከለክል አይናገርም።

መልስ 2 ተቃራኒውን ይዞ መጣ። የጸሐፊው ወንድም ቦሌ ላይ፣ ሻንጣው ከገባ በኋላ፣ ፓስፖርት የሚመታበት መስኮት ጋ ሲደርስ ተመልሷል። ምክንያቱ በገንዘብ ጉዳይ የተከፈተበት የወንጀል መዝገብ ነው። ከዚህ ተነስቶ መዝገብ ያለበት ሰው ፓስፖርት አያገኝም ሲል ደመደመ።

መልስ 3 ጨዋ ነው፤ ግን የሚያመልጠው ነገር የለም። ወንድምየው ቦሌ ድረስ የደረሰው ፓስፖርት በእጁ ስለነበረ መሆኑን አስታወሰ። ፓስፖርት መከልከልና ከአገር መውጣት መከልከል ለየቅል ናቸው አለ። የመልስ 2 ጸሐፊም ሳይከፋው ተቀበለ። በኔ ግምት የክሩ ቁልፍ እዚሁ ጋ ተገኝቷል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ወይ ይህንኑ ማብራራት ነው፣ ወይ ማደናገር።

መልስ 4ን የጻፉት አንድ ጡረተኛ ናቸው። ፍርድ ቤት በሬጅስትራርነት፣ ማለትም በመዝገብ ሹምነት፣ እንደሠሩ ገልጸዋል። ልጄ እያሉ ነው የሚያናግሯት። ጉዳዩ የሚያልፍበትን መንገድ ቁጭ አድርገው አስረዷት። ሰው ጣቢያ ሄዶ ሲያመለክት መዝገብ ይከፈታል። መርማሪው ቃል ይቀበላል፣ ምስክር ይሰማል፣ ሰነድ ይሰበስባል። ከዚያ መዝገቡ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ይሄዳል። ማስረጃው አይበቃም ካለ፣ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 42 መሠረት ክስ ሳያቀርብ ሊተወው ይችላል። በቂ ነው ካለ ክስ ጽፎ ፍርድ ቤት ያስገባል። ተከሳሽ መባል የሚመጣው ያኔ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እንኳ እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ክስ ያልቀረበባት ልጅ መብቷ ከዚያ አያንስም ነው ነገራቸው። አንቀጽ 32ንም አንስተዋል፤ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት አለው።

መልስ 5 በዚህ ሳቀ። ጋሼ ሕገ መንግሥቱን የሚያነቡት ጡረታ ላይ ስለሆኑ ነው ዓይነት ነገር ጽፎ፣ መስኮት ላይ የተቀመጠው ልጅ አንቀጽ ሳይሆን ኮምፒውተር እንደሚያይ አከለ። ጥፋቱ አነጋገሩ ላይ ነው እንጂ የመጨረሻዋን ነገር አልሳተም። መልስ 6 ግን ታላቅን እንዲህ ማናገር ነውር መሆኑን በቁጣ ነግሮት፣ ስለ ፓስፖርቱ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሄደ።

መልስ 7 ወደ መሬት አወረደው። ፓስፖርት አዲስ ለሚያወጣ ሰው የሚጠየቀው የልደት ምስክር ወረቀት፣ የነዋሪነት መታወቂያና ፋይዳ ነው። ማመልከቻው በኦንላይን ይሞላል፣ ክፍያ ይፈጸማል፣ በቀጠሮ ቀን አሻራና ፎቶ ይሰጣል። ከፖሊስ የሚመጣ ወረቀት ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። የፖሊስ ማስረጃ የሚጠየቀው ፓስፖርቱ ጠፍቶበት ምትክ የሚፈልግ ሰው ነው፤ እሱም መጥፋቱን ለማስረዳት ነው። ይህ መልስ ለእኔ ከአምስት ምክር ይበልጣል። ሰው የሚፈራው የማያውቀውን መስኮት ነው፤ ምን እንደሚጠየቅ ሲያውቅ ግማሹ ፍርሃት ይቀላል።

እዚህ ጋ ክሩ ትንሽ ወደ ዋጋ ሸሸ። መልስ 8 መደበኛው 5,000 ብር መግባቱ፣ በሁለት ቀን የሚደርሰው ደግሞ 25,000 ብር መሆኑ አንገብግቦታል። መልስ 9 በ600 ብር ያወጣበትን ዘመን አስታውሶ አዝኗል። መልስ 10 ደግሞ ፋይዳ ላይ ያለው ስሙ ከልደት ካርዱ ጋር በአንድ ፊደል ስለተለያየ መንገላታቱን ሊያወራ ፈለገ። ማንም አልሰማውም። ጎበዝ፣ ያንን ራሱን የቻለ ክር ክፈቱለት፤ ከልቤ ነው የምለው። ብዙ ሰው ፓስፖርት የሚዘገይበት ከፖሊስ መዝገብ ይልቅ በእንዲህ ያለው የፊደል ጣጣ ሳይሆን አይቀርም።

መልስ 11 አዲስ ስጋት አመጣ። አረብ አገር ለሥራ የሄደች እህቷ ከወንጀል ነፃ የሚል ወረቀት ተጠይቃ ነበርና፣ እዚያ ላይ አቤቱታው ይወጣል ወይ አለች። መልስ 12 ሁለቱን ለየላት። ፓስፖርት የሚሰጠው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ነው። የከወንጀል ነፃ ማስረጃ ግን የፖሊስ ነው፤ አሻራ ተሰጥቶ ይጣራል። የሚጠይቀውም ቪዛ የሚሰጠው አገር ወይም ቀጣሪው ነው። ስለዚህ ሰው ፓስፖርቱን በሰላም ይዞ ወረቀቱ ላይ ሊደናቀፍ ይችላል። ሥልጠናው ያንን ወረቀት የሚጠይቅ ከሆነ አስቀድማ እንድታጣራ መከራት። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ስለሚያወራ ነው ፖሊስ ፓስፖርት ይከለክላል የሚለው ወሬ የተስፋፋው ብሎም አከለ። እውነቱን ነው።

ከዚያ መልስ 13 መጣ። ጠበቃ ነኝ የሚል ሰው ነው፤ ረጅም ጽፏል፤ ረጅም ቢጽፍም ያንብቡት የሚባል ዓይነት ነው። መነሻው የመልስ 3 ልዩነት ነው። ሰውን የሚያስቆመው ጣቢያ ያለው ወረቀት አይደለም፤ በስሙ የወጣ የእግድ ትዕዛዝ ነው። ትዕዛዙ ከየት ሊመጣ እንደሚችል አንድ በአንድ አስረዳ። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዋስትና ጋር ነው። ፍርድ ቤት ተጠርጣሪን በዋስ ሲለቅ ከአገር እንዳይወጣ ብሎ ለኢሚግሬሽን ይጽፋል፤ ዜና ላይ በየጊዜው የምንሰማው ነው። ሰው ሳይታሰርም ቢሆን መርማሪው ወይም ዐቃቤ ሕጉ ምርመራው ሳያልቅ ሊወጣብኝ ነው ብሎ ፍርድ ቤቱን እግድ መጠየቅ ይችላል። የፍትሐ ብሔር ክርክርም ከዚህ አያመልጥም፤ ባለዕዳዬ ንብረቱን ይዞ ሊጠፋ ነው የሚል ከሳሽ፣ ወይም የልጅ ቀለብ የምትጠይቅ እናት፣ ፍርድ ቤት ሄደው ሊያመለክቱ ይችላሉ። ግብር ላይ ደግሞ አሠራሩ ለየት ይላል። በፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት የታክስ ባለሥልጣኑ ራሱ ሰውን ከአገር እንዳይወጣ ማዘዝ ይችላል፤ ትዕዛዙ ግን ፍርድ ቤት ካላራዘመው የሚቆየው 10 ቀን ነው።

ጠበቃው የጠቀሰው የመጨረሻው መንገድ ክሩን አናወጠው። በኢሚግሬሽን አዋጅ ቁጥር 354/1995 ሥር ሰውን ከአገር እንዳይወጣ ማገድ የፍርድ ቤት ሥልጣን ነበር። በ2016 ምክር ቤቱ ያጸደቀው ማሻሻያ ግን በወንጀል የተጠረጠረን ሰው የማገድ ሥልጣን ለኢሚግሬሽን ተቋሙ ኃላፊ ሰጠ። ያኔም አከራክሯል። ጠበቃው ራሱ አልወደደውም፤ መውደድ አለመውደዱ ግን ሕጉን አይለውጠውም። ለጠያቂዋ የሰጣት መደምደሚያ ቀጥተኛ ነበር። ፓስፖርት ለማውጣት ታመልክት፤ አቤቱታ ስላለ ብቻ የሚከለክላት ሕግ አያውቅም። መጠየቅ ያለባት ግን በስሟ ትዕዛዝ ስለመኖር አለመኖሩ ነው፤ ቲኬት ከመቁረጧ በፊት።

መልስ 14 ወዲያው ዘለለና እንግዲያስ የሰውየው ዘመድ በዚሁ ማሻሻያ ሊያሳግዳት ነው አለ። መልስ 15 በዚህ አገር የማይሆን ነገር የለም ብሎ አዳመቀው። መልስ 16 ደግሞ ልጅቷን አገር ቤት እንድትቀመጥ፣ ሥልጠናውንም እንድትረሳው መከረ። እንዲህ ያለ ምክር ያናድደኛል። ሰው ምን ላድርግ ብሎ ሲመጣ ምንም አታድርጊ ማለት ምክር አይባልም።

ጠበቃው በመልስ 17 ተመልሶ፣ አሁን ቆጣ ብሎ፣ ነገሩን ቦታው አስያዘ። ሥልጣኑ የተሰጠው ለተቋሙ የበላይ ኃላፊ ነው፤ መስኮት ላይ ለሚሠራ ዘመድ አይደለም። ሠራተኛ ለዘመዱ ብሎ የሰው ስም ሲስተም ውስጥ ቢያስገባ ራሱ በሙስና የሚጠየቅበትን ሥራ ሠራ ማለት ነው። ዛቻም በወንጀል ሕጉ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ሰውየው የዛተው በጽሑፍ ከሆነ መልእክቱን እንዳታጠፋው፣ በስልክ ከሆነም ቀኑንና ሰዓቱን እንድትመዘግብ፣ ለመርማሪውም እንድትነግር አሳሰባት። ገንዘቤን ተበላሁ የሚል ሰው ገንዘቡን ትቶ ጉዞዋን ማስቀረት ላይ ከተጠመደ፣ ያ ለእሷ መከላከያ የሚጠቅም ማስረጃ እንደሆነም ጠቆማት። ይህን ማሰብ የሚችለው በእርግጥም ጠበቃ ነው።

መልስ 18 ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ ነው። ሲስተም ላይ ስም ካለ እንደሚያጣራ፣ ካስፈለገም እንደሚያስጠፋ ጽፎ ስልክ ቁጥር አስቀመጠ። ሲነድበት ማየት ነበር። መልስ 19 ሌባ አለው። መልስ 20 እንዲህ ላለ ሰው ከፍሎ ገንዘቡንም ጊዜውንም እንዳጣ ተናዘዘ፤ ሰውየው ስልኩን ዘግቶ ጠፍቷል። መልስ 21 ደግሞ በቀዝቃዛው ተናገረ። ልጅቷ አሁን ያለባት አንድ አቤቱታ ነው፤ ለደላላ ጉቦ ብትከፍል እውነተኛ ወንጀል ይጨመርላታል። የመድረኩ ኃላፊ ቁጥሩን አጠፋው፤ መልሱ ግን ለመቀጣጫ ይሁን ተብሎ ነው መሰለኝ እንዳለ ቀርቷል።

መልስ 22 ላይ ክሩ ከረረ። ጸሐፊው በሽርክና ገንዘቡን የተበላ ሰው ነው። ሁላችሁም ለእሷ የምትከራከሩት ምን አውቃችሁ ነው አለ። የሱ ሸሪክ በእንዲህ ዓይነት ሥልጠና ስም ወጥቶ ሳይመለስ ቀርቷል። ገንዘብ የበላ ሁሉ ፓስፖርት አውጥቶ ከሄደ ጣቢያ መሄድ ምን ይረባል? ስድብም ጣል አድርጎባታል፤ እሱን አልደግመውም። ጥያቄው ግን ተገቢ ነው። የእግድ ትዕዛዝ የሚባለው ነገር የተፈጠረው ለሱ ዓይነት ሰው ነው። መልስ 23 ይህንኑ አለው። ሸሪኩ ሊወጣ መሆኑን ሲሰማ በማስረጃ አስደግፎ እግድ እንዲጠየቅለት ማድረግ ነበረበት፤ የማያውቃትን ሴት መስደብ ገንዘቡን አያስመልስለትም።

ጠያቂዋ በመልስ 24 ብቅ አለች። ስድቡን ዘላዋለች። ንግዱ ሲዘጋ የቀረው ዕቃና ሒሳብ በሽማግሌ ፊት ተካፍሎ የተፈራረሙበት ወረቀት እንዳለ፣ ኮፒውንም ለመርማሪው እንደሰጠች ገለጸች። የመልስ 22 ጸሐፊ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ይቅርታ ቢል መልካም ነበር።

መልስ 25 ብልጥ ነኝ ባይ ነው። ክስ ሳይመሠረት በቶሎ ውጪና አምልጪ አላት። መልስ 26፣ ማለትም ጡረተኛው ሬጅስትራር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ትዕዛዝ የሌለበት ሰው መጓዙ ጥፋት አይደለም። መደበቁ ግን ራስን መጉዳት ነው። ክስ ተመሥርቶ መጥሪያ ሲላክ ሰው ካልተገኘ ተይዞ እንዲቀርብ ትዕዛዝ ይወጣል። ያኔ አንድ ተራ የሒሳብ ጭቅጭቅ የሸሸ ሰው መዝገብ ይሆናል፤ ስትመለስ ቦሌ ላይ የሚጠብቃትም እሱ ነው። ይልቅ ለመርማሪው መቼ ሄዳ መቼ እንደምትመለስ በጽሑፍ ብታሳውቅ፣ የሥልጠናውንም ደብዳቤ ብታያይዝ፣ ልትጠፋ ነው የሚል ሰው ሲመጣ መልሱ መዝገቡ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ትንሽ ቅር የሚል ነገር አለበት፤ ራስን አሳልፎ መስጠት ይመስላል። ነገሩን ሳሰላስለው ግን ሽማግሌው ናቸው ትክክል።

ከዚህ በኋላ በየአገሩ ያለው ሰው የየራሱን ይዞ መጣ። መልስ 27 ከሪያድ ነው። እዚያ አሠሪ ጠፋች ብሎ ካመለከተ ሁሩብ ይባላል፤ ሰው በፖሊስ የሚፈለግ ከሆነ ደግሞ መትሉብ። ፓስፖርቷን ኤምባሲ ሄዳ ያሳደሰች ጓደኛዋ፣ አዲሱን ደብተር ይዛ የመውጫ ፈቃድ ግን ማግኘት አልቻለችም። ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ ነው፤ በሩ የሳዑዲ። መልስ 3 ያለውን ሌላ አገር ላይ ማየት የፈለገ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም።

መልስ 28 ከቨርጂኒያ ነው። አሜሪካ ዜግነት ያገኘ ሰው ነው። እዚያ ጎረቤት ፖሊስ ስለጠራብህ ፓስፖርት አትከለከልም። የሚያስከለክለው በከባድ ወንጀል የወጣ የመያዣ ትዕዛዝ፣ ፍርድ ቤት አገር እንዳትለቅ ያለው ነገር፣ ወይም ከ2,500 ዶላር በላይ የተጠራቀመ የልጅ ማሳደጊያ ዕዳ ነው። የመጨረሻው ለብዙዎቹ አዲስ ነገር ሆነባቸው፤ ለጥቂት ጊዜ ስለ ፍቺ ብቻ ተወራ። መልስ 29 ከእስራኤል ሆኖ፣ እዚያም በዕዳና በቀለብ ምክንያት ከአገር እንዳይወጡ የሚታገዱ ብዙ እንደሆኑ፣ ትዕዛዙም ከፍርድ ቤት ወይም ከፍርድ አስፈጻሚው መሥሪያ ቤት እንደሚወጣ በሁለት መስመር ጻፈ።

መልስ 30ን ወድጄዋለሁ። ሕንድ የሚማር ልጅ ነው። ይህ ጥያቄ እንደ ሕንድ የሚጦፍበት አገር የለም ይላል። እዚያ ሰው ለፓስፖርት ሲያመለክት ፖሊስ ራሱ ያጣራል፤ ብዙውን ጊዜ ቤት ድረስ መጥቶ። ስለዚህ ጣቢያ ያለው ነገር ሁሉ ይነሳል። የ1967ቱ የፓስፖርት ሕጋቸው በወንጀል ፍርድ ቤት በሂደት ላይ ያለ ጉዳይ ያለበትን ሰው መከልከል ይፈቅዳል። ሰዉ ደግሞ ጣቢያ የተመዘገበ አቤቱታም በዚህ ይቆጠራል እያለ ይሠቃይ ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴራቸው በ2019 በጻፈው መመሪያ ግን ምርመራ ላይ ያለ የፖሊስ መዝገብ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ተቀብሎ ማየት መጀመር እንዳለበት ግልጽ አደረገ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት የደረሰበት ሰውም ቢሆን ጨርሶ አልተዘጋበትም። ከ1993 ጀምሮ ባለው አሠራር ከዚያው ፍርድ ቤት ፈቃድ ካመጣ ፓስፖርት ይሰጠዋል፤ ፍርድ ቤቱ ጊዜ ካልወሰነ የሚሰጠው የአንድ ዓመት ነው። ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው ብሎም ጨምሯል፤ ጨዋ ልጅ።

መልስ 31 በዚህ ተናደደ። ስለ አዲስ አበባ ተጠይቆ ስለ ዴልሂ ማውራት ምን ይሉታል አለ። ልጁ በመልስ 32 በእርጋታ መለሰ። እነሱ ጥያቄውን ጽፈው መልሱን ስላወጡ ነው የጠቀሳቸው። አቤቱታ፣ ክስና ትዕዛዝ የት ጋ እንደሚለያዩ በግልጽ የተጻፈ መመሪያ መስኮት ላይ ቢለጠፍ ይህ ሁሉ ሰው እዚህ ተሰብስቦ ባልተጨቃጨቀ ነበር። እኔም የምስማማው በዚህ ነው። የኛ ችግር የሕጉ መክፋት ብቻ አይደለም፤ ሰው ታግዶ እንደሆነ የሚያውቀው ቦሌ ሲደርስ መሆኑ ነው። ሻንጣ ከተላከ፣ ዘመድ ከተሰናበተ፣ ቲኬት ከተቃጠለ በኋላ። አስቀድሞ ጠይቆ በጽሑፍ መልስ ማግኘት የተለመደ ቢሆን ዘመድ አለኝ የሚል ዛቻ ዋጋ አይኖረውም ነበር።

በመልስ 33 ጠያቂዋ ወሬ ይዛ መጣች። መርማሪው ጋ ሄዳለች። መዝገቡ ወደ ዐቃቤ ሕግ መላኩን፣ እግድ አለመጠየቁንም በቃል ነግሯታል። የጉዞ ዕቅዷን የሚገልጸውን ማመልከቻ ተቀብሎ ቀሪው ላይ ማኅተም መትቶላታል። የፓስፖርት ማመልከቻውንም በኦንላይን ሞልታለች፤ ስለ ፖሊስ የሚጠይቅ ቦታ አላየችም። አሻራ የምትሰጥበትን ቀጠሮ እየጠበቀች ነው። መልስ 34 እና 35 ደስ አላቸው። መልስ 36 በቃል የተነገረ ነገር እንደማይታመን አስጠነቀቀ። ጠበቃውም ከመልስ 36 ጋር ቆሞ፣ ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን ከዘጋው የውሳኔውን ግልባጭ እንድትወስድ፣ ስትጓዝም በእጅ ቦርሳዋ እንድትይዘው ነገራት።

ክሩ በዚህ ያበቃል ስል መልስ 37 ላይ አዲስ ሰው ገባ። በደረቅ ቼክ ተከሶ ነበር። ገንዘቡን ከፍሎ ጉዳዩ አልቋል፤ ፍርድ ቤቱም እግዱን አንስቷል። ሆኖም ቦሌ ላይ ስሙ አሁንም ይወጣል። ሲመልሱት አዝነውለታል፤ ግን መልሰውታል። ከሳሹ ተንኮል ሠርቶብኝ ነው ብሎ ያምናል።

ጠበቃው በመልስ 38 ተንኮል መፈለግ እንደማያስፈልገው ነገረው። እግድ ሲጣል ደብዳቤው በጥድፊያ ይሄዳል፤ ሲነሳ ግን ተከታትሎ የሚያደርሰው ባለጉዳዩ ነው፣ ብዙዎች ይህን አያውቁም። እግዱን ያነሳው ችሎት ለኢሚግሬሽን የጻፈው ደብዳቤ ወጪ ሆኖ መላኩን ሬጅስትራር ጋ ይጠይቅ። ወጪ ካልሆነ ያስወጣ። ወጪ ከሆነ ቁጥሩንና ቀኑን ይያዝ፣ ግልባጩን ራሱ ወስዶ መዝገብ ቤት ገቢ ያስደርግ፣ ስሙ መነሳቱን ሳያረጋግጥም ቲኬት እንዳይቆርጥ። አንድ ነገር ደግሞ ያጣራ፤ በሁለት መዝገብ ሁለት እግድ ወጥቶበት እንደሆነ የአንዱ መነሳት ሌላውን አያነሳም። ሰውየው መዝገቡ በእርግጥም ሁለት እንደነበር፣ አንዱ ባንኩ በሌላ ቼክ የከፈተበት መሆኑን በመልስ 39 አመነ። ነገ ጠዋት ሁለተኛው ችሎት ጋ ሊሄድ ነው።